የሜኑሂንን ቀረጻዎች ስትሰሙ እነዚህን አትሳሳቱ

ቫዮሊን ተጫዋቹ ይሁዲ ሜኑሂን የመጀመሪያ ሸክላውን ያስቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፣ በ11 ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ ያስቀረጸው ብዛቱ ለጉድ ነው። ስለዚህ አዲስ አድማጭ ከየት እንደሚጀምር ግራ ቢገባው አይገርምም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓመቱ ላይ ነው። ስፖቲፋይ ላይ ከአልበሙ ሥር የምታዩት ዓመት ብዙ ጊዜ እንደገና የታተመበት እንጂ የተቀረጸበት አይደለም። ልዩነቱ ደግሞ ከባድ ነው፤ ልጅ እያለ ደጋኑ (ክሩን የሚገዘግዝበት ዘንግ) እንደ ልቡ ይታዘዝለት ነበር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ቀኝ እጁ እያስቸገረው ሄደ። አንዱን የኋላ ቀረጻ ሰምታችሁ «ያ ሁሉ የተወራለት ይሄ ነው?» አትበሉ።

የድሮው ሸክላ ይንሻሻል ብሎ መዝለልስ? እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የእንግሊዛዊውን የሙዚቃ ደራሲ የኤልጋርን የቫዮሊን ኮንቼርቶ (አንድ ብቸኛ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ) ስሙት። ሐምሌ 1932፣ ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ። ልጁ 16 ዓመቱ ነው፤ ኦርኬስትራውን የሚመራው ደግሞ ራሱ ኤልጋር ነው፣ በ75 ዓመቱ። የዚያን ጊዜ ሸክላ በአንድ ፊት የሚይዘው 4 ደቂቃ ከምናምን ብቻ ስለነበር ሥራው 6 ሸክላ፣ ማለትም 12 ፊት ፈጅቷል፤ ዛሬ እንደሚደረገው ቆርጦ መቀጠል የለም፣ ከተሳሳትክ ያንን ፊት ከመጀመሪያው ትደግማለህ። ቫዮሊኑ የሚገባበትን ቦታ ልብ በሉ። ኦርኬስትራው የጀመረውን ዜማ ዝቅ ባለ ድምፅ ተቀብሎ የሚጨርሰው እሱ ነው። ያቺን ቦታ ስትሰሙ መንሻሻቱን ትረሱታላችሁ።

ሌላው ስህተት ቫዮላውን መርሳት ነው። ሜኑሂን የሙዚቃ ደራሲዎቹን የባርቶክንም የዋልተንንም የቫዮላ ኮንቼርቶ አስቀርጿል። በ1960ዎቹ የዋልተንን የቫዮሊንና የቫዮላ ኮንቼርቶዎች ሲያስቀርጽ መሪው ዋልተን ራሱ ነበር። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። ቫዮላ ተለቅ ያለ ቫዮሊን ብቻ አይደለም፤ ቀጭኗ የላይኛዋ ክር የለችውም፣ በምትኩ ታች ወፍራም ክር አለው፣ ድምፁም ደረት ውስጥ ይገባል። ያው ሰው ቫዮላ ሲይዝ ሌላ ሰው ሲሆን ትሰማላችሁ።

የተጫዋቾቹን ስምም አንብቡ። በሞዛርት ሲንፎኒያ ኮንቼርታንቴ (ቫዮሊንና ቫዮላ አብረው ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወቱት ሥራ) ሜኑሂን ቫዮሊን ነው፣ ቫዮላውን የያዘው ሩዶልፍ ባርሻይ ነው። የዚህንኑ ሥራ የአባትና ልጁን የኦይስትራኮችን ቀረጻ ካገኛችሁ ደግሞ ቫዮሊኑ የልጁ የኢጎር ነው፤ አባትየው ዴቪድ ቫዮላውን ይዞ ከሥር ይመልስለታል።