ሲኤንሲ ላይ ኤምዲኤፍ ስታስሩ መሃሉን እዩት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። የቁም ሳጥን በር ላይ የሐረግ ጌጥ እቆርጣለሁ። ሲኤንሲውን፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዘውን መቁረጫ ማሽን፣ የገዛሁ ሰሞን አንዱን ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ዳር ዳሩን በአራት ክላምፕ (መቆንጠጫ) ጥርቅም አድርጌ አሰርኩና ስልክ ላወራ ወጣሁ። ስመለስ ባለ 6 ሚሊሜትሩ ቢት፣ ማሽኑ ላይ እየተሽከረከረ የሚቆርጠው ስለት፣ ተሰብሯል። በሩ መሃል ላይ ደግሞ ጡጫ የሚያህል ጉድጓድ። ክላምፖቹ ንቅንቅ አላሉም። ጉዱ የፈላው መሃል ላይ ነው።

ሙሉ ኤምዲኤፍ 122 በ244 ሴንቲሜትር ነው። ክረምት ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ ግድግዳ ተደግፎ ከከረመ ይጎብጣል። ዳሩን ብቻ ስትጫኑት ሆዱ ይነሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት። ድምፁ ድፍን ከሆነ ተኝቷል። እንደ ከበሮ ካስተጋባ ከስሩ ባዶ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

ማሽኑ አልጋ ላይ የሚነጠፈውን፣ ቢቱ እንዲበላው የተተወውን ኤምዲኤፍ እኛ ቤት ንጣፍ ነው የምንለው። እሱ ራሱ ወጣ ገባ ከሆነ ከላይ ያለው ሁሉ ልፋት ነው። በሰፊ ቢት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ላጡት፣ ከዚያ ሰጋቱራውን ጥርግ። ስትቆርጡ ቢቱ ንጣፉን 0.2 ወይም 0.3 ሚሊሜትር ቢነካው ይበቃል።

አሁን ወደ ቪቴ እንምጣ። እኔ የምተማመነው በእሱ ነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። ግን ዝም ብሎ ማስገባት አይሆንም። መጀመሪያ የሚቆረጠውን ኤምዲኤፍ ብሱት፤ ቀዳዳው ከቪቴው ትንሽ ሰፋ ይበል። ቪቴው እዚያ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት አለበት። ጥርሱ የሚነክሰው ንጣፉን ብቻ ነው። ሁለቱንም ከነከሰ በመሃላቸው ያለው ክፍተት እንዳለ ይቀራል፣ ክንዳችሁ እስኪዝል ብታዞሩትም አይወርድም። እኔ ይሄን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ሌላም አለ። ቪቴ ንጣፉን ሲነክስ የቀዳዳውን ዙሪያ እንደ ትንሽ ኩይሳ ያነሳዋል። ያቺ ኩይሳ ከላይ ያለውን ሰሌዳ ከፍ ታደርገዋለች። ስለዚህ ንጣፉንም በቀጭን ፑንታ ብሱትና የቀዳዳውን አፍ ሰፋ አድርጉት። በሚቀጥለው ሥራ ላይ የድሮዎቹን ኩይሳዎች በብርጭቆ ወረቀት አንዴ አሸት ማድረግ አትርሱ።

የቪቴውን ርዝመት አስሉት። የእኔ ንጣፍ 18፣ የምቆርጠው 18፣ ድምሩ 36 ሚሊሜትር። ባለ 30 ቪቴ ጭንቅላቱ 2 ሚሊሜትር ቢሰምጥ እንኳ ከስር 4 ይተርፋል። ባለ 40 ብትጠቀሙ የማሽኑን አልጋ ትወጋላችሁ።

የቪቴውን ቦታ በግምት አታድርጉት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ሥዕል ላይ ከቢቱ መንገድ አርቃችሁ ነጥብ ነጥብ አድርጉና ማሽኑ ራሱ 2 ሚሊሜትር ወጋ ወጋ ያድርግላችሁ። ብረት የነካ ቢት አለቀለት ማለት ነው። ክላምፕም ከተጠቀማችሁ ቢቱ ከቦታ ቦታ ሲዘል ከክላምፑ በላይ መሄዱን አረጋግጡ።

‹ለምን ቫኪዩም አትገዛም?› የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ከሰሌዳው ስር አየር በፓምፕ እየመጠጠ የሚይዘውን ማለቱ ነው። ለፋብሪካ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሰሌዳውን ተጭኖ የሚይዘው ፓምፑ ሳይሆን የውጭው አየር ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ናት፤ አየሩ ሳስቶ ጉልበቱ በአንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። ባሕር ዳር ትንሽ ይሻላል። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ቫኪዩሙም አብሮ ይለቃል። ቪቴ መብራት ሄደ አልሄደ አይገደውም። መብራት ሲመጣ የማሽኑን መነሻ ነጥብ አስተካክዬ ከቆምኩበት እቀጥላለሁ።

የሐረጉ ውስጥ ትንንሽ ቁራጮች ግን ቪቴ አይችሉም። ተቆርጠው ሲያልቁ ይፈናጠራሉ። ለነሱ ታብ ተዉላቸው፤ 8 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ያልተቆረጠ ድልድይ። በኋላ በመሮ ቆርጣችሁ ታሸቱታላችሁ። ባለ 3 ሚሊሜትር ስስ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ደግሞ የወረቀት ፕላስተር ንጣፉም ላይ ኮምፔንሳቶውም ላይ ለጥፉ፣ በሁለቱ ፕላስተር መሃል ሱፐር ግሉ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ተጫኑት። ሲያልቅ ልጥ ብሎ ይነሳል። ቁራጩን በጣት ይዞ ማስቆረጥ ግን የለም። አንድ ተለማማጄን እጁን ጎትቼ አውጥቼዋለሁ።

ቢቱም ልዩነት አለው፤ ሰጋቱራውን ወደ ላይ የሚያወጣው ሰሌዳውንም ይጎትታል፣ ወደ ታች የሚገፋው ይጫነዋል። ለስስ ነገር ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ስጨርስ ቪቴዎቹን ቆጥሬ ነው የማወጣው። 12 አስገብቼ 11 ካወጣሁ አንዷ ሰጋቱራ ውስጥ ተቀብራለች። እሷን ሳላገኝ ንጣፉን አልልጥም።