ከቶሮንቶ እስከ ቫንኩቨር በባቡር እንዴት ይኬዳል?

«ዘ ካናዲያን» የተባለው የቪያ ሬይል (የካናዳ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት) ባቡር ከቶሮንቶ ተነስቶ 4,466 ኪሎ ሜትር ያቋርጥና ቫንኩቨር ይገባል። በጊዜ ሰሌዳው መሠረት መንገዱ አራት ሌሊት ይፈጃል፤ ሰሌዳውን ግን ብዙም አይመኑት።

1. ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ትርፍ ቀን ይያዙ። ሐዲዱ በአብዛኛው የካናዲያን ናሽናል ነው፤ የዚህ ኩባንያ ዋና ሥራ ደግሞ ዕቃ ማጓጓዝ ነው። በብዙ ቦታ ሐዲዱ ነጠላ በመሆኑ ሁለት ባቡሮች ሲገናኙ አንዱ ወደ ጎን ወጥቶ መጠበቅ አለበት። የዕቃ ባቡሮቹ ብዙ ጊዜ ከመተላለፊያው ሐዲድ ይረዝማሉ፤ ስለዚህ የሚጠብቀው የመንገደኛው ባቡር ነው። ለሰዓታት መዘግየት የተለመደ ስለሆነ፣ ቫንኩቨር በሚደርሱበት ዕለት የሚነሳ አውሮፕላን አይያዙ። ቸኩሎ ለሚጓዝ ሰው ይህ ባቡር አይሆነውም።

2. ጁን ወይም ጁላይን ይምረጡ። ቀኑ ረጅም ስለሆነ ባቡሩ ቢዘገይ እንኳ ተራሮቹን በብርሃን የማየት ዕድልዎ ይሰፋል።

3. መኝታዎን ይወስኑ። ርካሹ ምርጫ ወንበር ላይ ማደር ነው፤ ለአራት ሌሊት ግን ለማንም አልመክርም። ከዚያ በላይ በመጋረጃ የሚከለሉ አልጋዎች፣ ቀጥሎም በር ያላቸው ክፍሎች አሉ። መጋረጃው ከበቃዎት የታችኛውን አልጋ ይጠይቁ፤ የላይኛው መስኮት የለውም። የመኝታ ትኬት ምግብንም ይጨምራል።

4. ትልቁን ሻንጣ ለጭነት ያስረክቡ። በጉዞው ላይ ስለማያገኙት መድኃኒት፣ ቅያሪ ልብስና ሹራብ በትንሽ ቦርሳ ይያዙ። ስልክ በሰሜን ኦንታሪዮ ጫካም ሆነ በተራሮቹ መካከል ለረጅም ሰዓት ላይሠራ ይችላል።

5. ጣሪያው መስታወት ወደሆነው ፉርጎ በጊዜ ይውጡ። ኦንታሪዮ ብቻዋን ከአንድ ቀን በላይ ትወስዳለች፤ ጫካ፣ ሐይቅ፣ እንደገና ጫካ። ከዊኒፔግ በኋላ ሜዳው ይዘረጋል፤ ሰው አሰልቺ ይለዋል፣ እኔ ግን የእህል ጎተራዎቹን ከሩቅ ማየት እወዳለሁ። በተራሮቹ ውስጥ ካለችው ከጃስፐር ከተማ ወደ ምዕራብ ሲወጡ በቀኝ በኩል ይቀመጡ፤ የካናዳ ሮኪ ተራሮች ቁንጮ የሆነው ባለ 3,954 ሜትሩ ሮብሰን ተራራ፣ ደመና ካልሸፈነው፣ የሚታየው በዚያ ወገን ነው።

6. ሰዓትዎን ያስተካክሉ። ቫንኩቨር ከቶሮንቶ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ሰዓቱ በመንገድ ላይ ይቀየራል፤ የምሳ ተራ ሲይዙ በየትኛው አካባቢ ሰዓት እንደሚቆጠር አስተናጋጁን ይጠይቁ።