«ምን ሥልጠና ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ፦ በሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ የሚደጋገሙ ስህተቶች

አዳማ የሥልጠና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅና የፍጥነት መንገዱም ጉዞውን ስላሳጠረው፣ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ይዘው የሚመጡት ወደዚህ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ባሉት ሳምንታት የሆቴሎቻችን አዳራሾች ይጨናነቃሉ። እኔም በእነዚህ አዳራሾች ቆሜ ሳሠለጥን ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። አሁን የያዝኩት ሥራ ከአዳራሹ በፊት ያለው ነው፤ አንድ ድርጅት ችግር ሲገጥመው መፍትሔው ሥልጠና መሆን አለመሆኑን አጣራለሁ፤ የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ የሚባለው ይህ ነው። ወደዚህ ሥራ የሚገቡ ወጣቶች ትጉሆች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁም። ነገር ግን የሚያመጡልኝ የዳሰሳ ረቂቅ ሁልጊዜ በእነዚሁ ቦታዎች ይሰበራል።

ምኞትን እንደ ጉድለት መቁጠር

«ፍላጎት» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። በአማርኛ ሰው የሚመኘውም ፍላጎት ይባላል፣ ለሥራው የጎደለውም ፍላጎት ይባላል። ስለዚህ «የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ አድርግ» የተባለ ጀማሪ ወዲያው መጠይቅ ያዘጋጃል፦ «ሊወስዱት በሚፈልጉት ሥልጠና ላይ ምልክት ያድርጉ»። ከሥሩ ኮምፒውተር፣ አመራር፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ የግጭት አፈታት እያለ ይዘረዝራል። ሠራተኛው ምልክቱን ያደርጋል። ሥልጠና ማለት ከቢሮ መውጣት፣ አበል ማግኘትና ምስክር ወረቀት ይዞ መመለስ ከሆነ ማን ይጠላዋል? ባለሙያው ምልክቶቹን ይቆጥራል፣ በመቶኛ ያሰላል፣ በሠንጠረዥ ያስቀምጣል። ሪፖርቱ ያማረ ነው። ድርጅቱን እንቅልፍ የነሳው ችግር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰም።

ይህ የምኞት ቆጠራ ነው። እባካችሁ ተዉት። በዚህ ዓይነት ወረቀት ምክንያት ገንዘብ ወጥቷል፣ ሰው ሥራውን ትቶ አዳራሽ ተቀምጧል፣ ችግሩም ሠልጣኞቹ ሲመለሱ በሩ ላይ ጠብቋቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ስለ ሥልጠና አይሁን። «ምን ተበላሸ? የት ክፍል? ከመቼ ጀምሮ? በቀን ስንት ጊዜ?» በሉ። ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ሳታገኙ «ሥልጠና» የሚለው ቃል ከአፋችሁ አይውጣ።

ከከተማችን የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በአንዱ ሥራ አስኪያጁ አስጠርተውኝ ነበር። «ስፌቱ እየዘለለ ልብስ ይመለስብናል፤ ልጆቹ ክህሎት የላቸውም፤ የአምስት ቀን ሥልጠና ይስጡልን» አሉኝ። ሁለት ቀን መስመሩ ላይ እንድቀመጥ ይፍቀዱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ታየኝ። ጠዋት አጥርታ የምትሰፋው ልጅ ከሰዓት በኋላ ስፌቷ ይዘላል። ጠዋት የነበረ ዕውቀት ከምሳ በኋላ አይጠፋም። በማግሥቱ አጠገቧ ተቀምጬ «ምን ሆኖ ነው?» አልኳት። «ጋሼ፣ መርፌው ደንዟል» አለችኝ። ለምን እንደማትቀይረው ስጠይቃት ዓይኗን ወደ መስመሩ ጫፍ አቀናች። እዚያ የተቆለፈ የመርፌ ሣጥን አለ።

ወደ ውጭ በሚላክ ልብስ ላይ የመርፌ ቁጥጥር ጥብቅ ነው፤ ጥብቅ መሆንም አለበት። መርፌ ሲሰበር ስባሪዎቹ ሁሉ ተለቅመው ቅጽ ላይ ይለጠፋሉ፣ ይፈረማል፣ ከዚያ አዲስ ይሰጣል። አንድ ስባሪ ልብሱ ውስጥ ቢቀር የሚወጋው የለበሰውን ሰው ነውና። እዚህ ግን የሣጥኑ ቁልፍ የነበረው ለሁሉም መስመር በተመደበ በአንድ ሰው እጅ ነበር። የደነዘ መርፌ ለመቀየርም ያንኑ ሰው መጠበቅ ግድ ነው። እሱ እስኪመጣ ልጅቷ ሥራ ትፈታለች፤ የሰዓት ኮታዋ ግን መቆጠሩን አያቆምም። ስለዚህ በደነዘው መርፌ ትቀጥላለች። የደነዘ ወይም የጎበጠ መርፌ ደግሞ ከሥር ያለው መንጠቆ የሚይዘውን የክር ቀለበት በትክክል ስለማይሠራ ስፌቱ ይዘላል።

የሰጠነው ምክር ሁለተኛ ቁልፍ ያዥ እንዲመደብ፣ መርፌ በተወሰነ ሰዓት ሳይለመን እንዲቀየርና የጥበቃው ጊዜ ከኮታው እንዲቀነስ ነበር። ሥልጠናው ቀረ፤ የሚመለሰው ልብስም ቀነሰ። እነዚያን ልጆች አምስት ቀን አዳራሽ አስቀምጬ ስለ ስፌት ብነግራቸው ኖሮ በስድስተኛው ቀን የሚመለሱት ወደዚያው የደነዘ መርፌ ነበር።

አለማወቅንና አለመቻልን አንድ ማድረግ

አንድ ሠራተኛ ሥራውን በትክክል ካልሠራ ይህን ጠይቁ፦ አለቃው አጠገቡ ሲቆም ያስተካክለዋል? የሚያስተካክል ከሆነ ዕውቀቱ አለው፤ የጎደለው ሌላ ነው። አሜሪካዊው የሥራ አፈጻጸም ተመራማሪ ቶማስ ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ሥራው የአፈጻጸም መንስኤዎችን በስድስት ከፍሎ፣ መጀመሪያ ከሰውየው ውጭ ያሉት ሦስቱ እንዲፈተሹ መክሯል፤ ምን እንደሚጠበቅበት ተነግሮታል ወይ፣ መሣሪያው ተሟልቶለታል ወይ፣ በደንብ መሥራቱስ ያስገኝለታል ወይስ ያስቀጣዋል? ዕውቀት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሰውየውን መውቀስ ስለሚቀል ከእሱ እንጀምራለን።

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። እንግዶች በእንግዳ መቀበያው ብዙ እየቆዩ የሚያማርሩበት ሆቴል ነበር። ሳልመረምር የሦስት ቀን የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ሰጠሁ። ልጆቹ በደስታ ተካፈሉ፤ በግብረ መልስ ቅጹ ላይም «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ሞሉልኝ። ከአንድ ወር በኋላ ቅሬታው እንዳለ ነበር። ለካ አንሶላ ከልብስ ማጠቢያው የሚደርሰው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ክፍሎቹ ሳይነጠፉ እንግዳ ይደርስና መቀበያው ላይ ይቆያል። አንዲት እንግዳ ተቀባይ «ፈገግ ማለቱንማ ድሮም እናውቀው ነበር» ስትለኝ ያፈርኩት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ያን ሆቴል ሦስት ቀን አስከፍዬዋለሁ።

የግብረ መልስ ቅጽን ማመን

አሜሪካዊው የሥልጠና ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 የሥልጠናን ውጤት በአራት ደረጃ እንድንመዝን አሳይቷል፤ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ አዋለው ወይ፣ ድርጅቱስ ለውጥ አገኘ ወይ። አብዛኞቻችን በመጀመሪያው ላይ እንቆማለን። አራተኛውን መመለስ የምትችሉት ከሥልጠናው በፊት ቁጥር ከያዛችሁ ብቻ ነው፤ በሳምንት ስንት ልብስ ተመለሰ፣ እንግዳ ስንት ደቂቃ ቆመ።

አለቃን ብቻ፣ ወይም ሠራተኛን አለቃው ፊት መጠየቅ

ሠራተኛ አለቃው ቆሞ እየሰማ «መሣሪያው ችግር አለበት» አይልም። «አላውቀውም» ማለትም ከብዶት ይሉኝታ ይይዘዋል። ብቻውን፣ በሥራ ቦታው፣ እጁ ሥራ ላይ ሳለ አነጋግሩት።

ቋንቋውንም አትርሱ። አዳማ ውስጥ የብዙ ሠራተኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ ስጠይቃቸው «ደህና ነው» የሚሉኝ ሠራተኞች፣ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ባልደረባዬ ሲጠይቃቸው ግማሽ ሰዓት ሲያወሩ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም።

በተራ መላክ

«ባለፈው እሱ ሄዷል፤ አሁን ተራው የእሷ ነው።» ስለ ንብረት አያያዝ በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ንብረት ክፍል ውስጥ የማይሠራ ሰው የምናገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የአበል ጉዳይ ነው፤ ኑሮ ውድ በሆነበት ጊዜ ሰውን አልወቅስም። የዳሰሳው ሪፖርት ግን ማን መሠልጠን እንዳለበት በሥራ መደብ ለይቶ ካልጻፈ ተራው ይወስንለታል።

ሥልጠና ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት

የመርፌውን ታሪክ የነገርኳቸው ወጣቶች አንዳንዴ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ፤ የሚያዩት ሁሉ የአሠራር ችግር ይሆንባቸዋል። አንድ የዱቄት ፋብሪካ ያስገባው አዲስ የማሸጊያ ማሽን ደጋግሞ እየቆመ ያስቸግር ነበር። ቀርበን ስናይ ሠራተኞቹ ሥራ ለማቆም በፈለጉ ቁጥር የሚጫኑት ለዘወትር ማቆም ያልተሠራውን ቀዩን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ነው። ሁሉም የተማሩት ከአንድ ሰው አይተው ሲሆን፣ ያም ሰው ሲጀምር አሠራሩን የነገረው ማንም አልነበረም። አለቃም አጠገባቸው ቢቆም ያንኑ ይጫናሉ፤ ሌላ መንገድ መኖሩን አያውቁምና። ይህ እውነተኛ የዕውቀት ክፍተት ነው። ማሽኑ ሥር ቆመን፣ እያንዳንዱ ሰው በእጁ እየሞከረ፣ ግማሽ ቀን በቃን። ሆቴልም አዳራሽም አላስፈለገንም።

«ሥልጠና አያስፈልግም» ብሎ ለመጻፍ መፍራት

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሥልጠና የሚሸጥ ሰው ራሱ ዳሰሳውን ሲሠራ እጁ ወደ ሥልጠና ያደላል። የእኔም አድልቷል። ስለዚህ የዳሰሳውን ክፍያ ከሥልጠናው ለይቼ አስቀድሜ እዋዋላለሁ፤ መልሱ የትኛውም ቢሆን የድካሜን አገኛለሁ። እናንተም እንዲሁ ተዋዋሉ። ሪፖርቱን ስታስረክቡ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ ቁጥር የምትቆጥሩበትን ቀን የመጨረሻው ገጽ ላይ ጻፉ፤ ሥራ አስኪያጁም ይፈርሙበት።