ያረጀ ዴስክቶፕ ሲፒዩው 100% ላይ ሲሰቀል

ማውዙ ይንቀረፈፋል። ወርድ ላይ የጻፋችሁት ፊደል ዘግይቶ ይመጣል። ፋኑ ይጮኻል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ይህን ለጠጋኝ ስትነግሩ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ፎርማት አንዳንዴ ይሠራል። ግን ችግሩ አቧራ ከነበረ ፋይላችሁንም የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዛችሁንም አጥፍታችሁ በማግስቱ እዚያው ናችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ሲፒዩውን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ማን እየበላው እንደሆነ እንይ።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ጠባብ ሆኖ ከመጣ «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ንኩ። «ሲፒዩ» የሚለውን ርዕስ ስትጫኑት ብዙ የሚበላው ከላይ ይሰለፋል። ከዚያ እጃችሁን ሰብስባችሁ ትንሽ ተመልከቱ። ለአፍታ 100 ደርሶ የሚወርድ ነገር በሽታ አይደለም። «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» 95 ሲል ካያችሁም አብሽሩ። እሱ ሲፒዩው ምን ያህል ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ የሚናገር ቁጥር ነው። ቫይረስ መስሎት ሊያጠፋው የሚታገል ሰው ግን አይጠፋም።

እንደተከፈተ ብቻ የሚጨናነቅ ከሆነ

መብራት ጠፍቶ የዋለ ወይም ለቀናት ያልተከፈተ ኮምፒውተር ሲነሳ ያመለጠውን ሥራ ሁሉ በአንዴ ይጀምራል። «ዊንዶውስ ሞጁልስ ኢንስቶለር ወርከር» ከላይ ካለ አፕዴት እየጫነ ነው። «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪውተብል» ከሆነ ቫይረስ እየፈተሸ ነው። ተዉት፣ ይጨርስ። በመሃል ብታጠፉት ነገም ያው ነው። ከዚያ «ስታርትአፕ» የሚለውን ገጽ ክፈቱና ሲነሳ አብረው የሚነሱትን የማትፈልጓቸውን ፕሮግራሞች «ዲስኤብል» በሏቸው።

የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ከሆነ

«ስፑለር ሰብሲስተም አፕ» የሚለውን ፈልጉ፤ የህትመት ወረፋ የሚያስተናግደው ፕሮግራም ነው። መብራት በህትመት መሃል ሲሄድ የተበላሸ ሰነድ ወረፋው ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ስፑለሩም እሱን ለማተም ሲታገል ሲፒዩውን ይጨርሰዋል። ፕሪንተሩን አጥፍቶ ማብራት አይፈታውም፣ ሰነዱ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። «ሰርቪስስ» ውስጥ ገብታችሁ «ፕሪንት ስፑለር»ን አቁሙት። ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ ብላችሁ ግቡ። ፎልደሩን ሳይሆን ውስጡ ያሉትን ፋይሎች አጥፉ። ስፑለሩን መልሳችሁ አስነሱት።

ብሮውዘሩ ከላይ ከሆነ

ክሮም ውስጥ ሺፍትና እስኬፕን ስትጫኑ የራሱ ታስክ ማናጀር ይመጣል። የትኛው ታብ እንደሚበላ ያሳያል። ዩቲዩብ ከሆነ ጥፋቱ የኢንተርኔቱ አይደለም። ዩቲዩብ ቪዲዮውን በአብዛኛው በቪፒ9 ወይም በኤቪ1 በሚባሉ የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴዎች ይልካል። የድሮ ግራፊክስ ካርድ እነዚህን መፍታት አይችልም፣ ሥራው በሙሉ ሲፒዩው ላይ ይወድቃል። ጥራቱን ወደ 480 አውርዱ። ወይም ቪዲዮው የድሮ ካርድ በሚፈታው በኤች.264 እንዲመጣ የሚያደርግ ኤክስቴንሽን (የብሮውዘር ተጨማሪ) ጫኑ።

ታስክ ማናጀር ስትከፍቱ ፋኑ ጸጥ የሚል ከሆነ

ይሄ ያስጠረጥራል። በሰው ኮምፒውተር ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍሩ አንዳንድ ቫይረሶች ታስክ ማናጀር ሲከፈት ይደበቃሉ፣ ሲዘጋ ይመለሳሉ። በክራክ (ፈቃዱ በተሰበረ ፕሮግራም)ና ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ይገባሉ። ዊንዶውስ 10 ላይ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» አለ። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ መደበቂያ ያሳጣቸዋል።

ማንም ከላይ ሳይኖር ሁሉም ነገር ሲዘገይ

እዚህ ላይ ሙቀትን ጠርጥሩ። በተለይ ኮምቦልቻ። ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ሞቅ ትላለች። ደሴ ብርድ ላይ የቻለ ኮምፒውተር የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ መንገድ ዳር ሱቅ ውስጥ ሲቀመጥ ሊያቅተው ይችላል። ሲፒዩ በጣም ሲሞቅ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያኔ ቀላል ሥራ እንኳ 100% ያስመታዋል።

ማረጋገጫው ታስክ ማናጀር «ፐርፎርማንስ» ውስጥ አለ። «ቤዝ ስፒድ» እና «ስፒድ» የሚሉትን አስተያዩ። ሥራ በሌለበት «ስፒድ» ቢወርድ ጤና ነው። ሲፒዩው 100% ተጠምዶ ሳለ ከቤዙ በጣም ከወረደ ግን ብዙውን ጊዜ ሙቀት ነው።

ሶኬቱን ንቀሉ፣ የጎን ክዳኑን ክፈቱ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አንሱ። ብዙ ሰው ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕረሰር ያስነፋል። እኔ አልመክርም፤ አየሩ ውሃና ዘይት ይዞ ይመጣል። ካስነፋችሁም ፋኑ እንዳይሽከረከር ያዙት፣ በአየር ሲሽከረከር ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ማዘርቦርዱን ሊጎዳ ይችላል። የኢንቴል ፋን ከሆነ አራቱን የፕላስቲክ እግሮች ነካ ነካ አድርጉ። አንዱ ከተነቀለ ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚስበው ብረት) ሲፒዩው ላይ በደንብ አይቀመጥም።

ካልተሻለው ተርማል ፔስቱ (በሲፒዩውና በሂትሲንኩ መሃል የሚቀባው) ደርቆ ይሆናል። ደሴ ፒያሳ ያሉ ጥገና ቤቶችን ጠይቁ። የድሮውን በአልኮልና በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከአተር ፍሬ ያነሰ አዲስ አድርጉ። ኤኤምዲ ከሆነ ሂትሲንኩን ወደ ላይ አትጎትቱ፣ መጀመሪያ ግራ ቀኝ አዙሩት። አለበለዚያ ሲፒዩው አብሮት ይነቀልና እግሩ ይጣመማል።

ሲፒዩው ዝቅ ብሎ ዲስኩ 100% ከሆነ

ያኔ ሲፒዩውን ተዉት፣ ቀርፋፋው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሳታ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን የዲስክ ዓይነት) ግዙ፣ ራሙም 2 ጊጋ ከሆነ ጨምሩበት። አዲስ ሲፒዩ ፍለጋ አትዙሩ፤ ለዚህ ዕድሜ ማሽን ገንዘቡ አያዋጣም። ዊንዶውስ 10 ነጻ አፕዴቱ ጥቅምት 2018 ላይ ቆሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እነዚህን ሲፒዩዎች በይፋ አይቀበልም። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ እዚያው ይሰካ፣ ለፋይል ማስቀመጫ ይሆናል።