ጡቡ አልገጥም ሲል፦ ለጎልማሳ የሌጎ ሰብሳቢዎች ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ገበያ ስወጣ ኪሴ ውስጥ አንድ ቀይ የሌጎ ጡብ፣ ማለትም እየተገጣጠመ የሚሠራበት የፕላስቲክ መጫወቻ፣ ይኖራል። ሁለት በአራት የሚባለው፣ ከላዩ ስምንት ጉጥ (ሌላው ጡብ የሚገጥምበት ክብ እብጠት) ያለው ነው። ነጋዴው «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ሲለኝ «ለራሴ» እላለሁ፤ ይስቃል፤ ዋጋውንም ከፍ ያደርጋል። የሌጎ ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለአዋቂ በሚሠራቸው ሳጥኖች ላይ 18+ ብሎ መጻፉን ነግሬው አላውቅም፤ ቢሰማ ይብስ ይጨምርብኝ ነበር። ጡቧ ግን ለጨዋታ አይደለችም፤ መመዘኛዬ ናት። ለምን እንደያዝኳት የመጀመሪያው ችግር ይናገራል።

ምልክት፦ ጡቦቹ ተጋጥመው አይጸኑም፣ ወይም ገብተው አይወጡም

የሌጎ ጡብ በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚሠራ ዕቃ ነው። ከአንዱ ጉጥ መሃል እስከ ቀጣዩ ጉጥ መሃል 8 ሚሊሜትር ነው። የጡቡ ቁመት ጉጡ ሳይቆጠር 9.6፣ የስሱ ሰሌዳ ቁመት ደግሞ 3.2 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ሦስት ሰሌዳ ተደራርቦ ልክ አንድ ጡብ ያክላል። የዴንማርኩ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 የባለቤትነት መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ወዲህ ይህ ልክ ስላልተለወጠ የያኔው ጡብ ከዘንድሮው ጋር ይጋጠማል። ልኩ በጥቂቱ ሲዛባ በአንድ ጡብ ላይ አይታወቅም። ሠላሳ ጡብ ሲደረደር ግን ግድግዳው ይጎብጣል።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቅልቅል ነው። የጡቡ የባለቤትነት መብት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 የጡቡን ቅርጽ እንደ ንግድ ምልክት ማስያዝ እንደማይቻል ወስኗል። ስለዚህ ከሌጎ ጋር የሚጋጠም ጡብ ሠርቶ በራስ ስም መሸጥ ሕጋዊ ነው፤ አንዳንዱም ደህና ይሠራል። ስሙንና ሳጥኑን መስረቅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሻንጋይ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2019 ሌፒን በሚል ስም አስመስለው ይሠሩ የነበሩትን ያሰረው በዚህ ነው። ገበያ ላይ እኛን የሚጎዳን ግን ሦስተኛው ነው፦ ሁሉን በአንድ ከረጢት ቀላቅሎ በሌጎ ዋጋ መሸጥ። ሰርገኛ ጤፍን ማኛ ብሎ እንደ መሸጥ ቁጠሩት። ሰርገኛው ነውር የለበትም፤ ነውሩ ያለው ስሙና ዋጋው ላይ ነው።

መፍትሄው ከመክፈል በፊት ነው። የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ ጉጡን ተመልከቱ፤ በእውነተኛው የሌጎ ጡብ እያንዳንዱ ጉጥ ላይ ስሙ በጥቃቅን ፊደል ተቀርጿል። ቀጥሎ ከኪሳችሁ ያወጣችሁትን ጡብ ግጠሙበትና ገልብጡት። ከወደቀ ወይም በጥርስ ካልሆነ አልላቀቅ ካለ ተጠራጠሩ። ጊዜ ካላችሁ አሥር ጡብ ደራርባችሁ በማስመሪያ ለኩ፤ የላይኛውን ጉጥ ትታችሁ 96 ሚሊሜትር መምጣት አለበት። እኔ ይህን ሳላውቅ ከአንድ ነጋዴ ሙሉ ከረጢት ገዝቼ ቤት ስዘረግፈው ሲሶው ብቻ እውነተኛ ሆኖ አገኘሁት። የቀረውን አልጣልኩትም። ለግድግዳ ውስጠኛ ሙሌት፣ ለኮረብታ ሆድ ይሆናል። ክብደት በሚሸከምና በሚታይ ቦታ ግን አላስገባውም።

ምልክት፦ የሰልባጁ ከረጢት ሙሉ ነው ተብሎ ጎደለ

ሰልባጅ ስትገዙ ጎደሎ ይኖራል፤ ይህን አምናችሁ ግቡበት። ልጆች ሲጫወቱ መጀመሪያ የሚጠፋው ትንሹ ሰው፣ ፀጉሩና ባርኔጣው ነው፤ ከሁሉ የሚወደደውም እርሱ ነው። «ሙሉ ነው» የሚለውን ቃል ትታችሁ የስብስቡን ቁጥር ጠይቁ። ሳጥኑና የመመሪያ ደብተሩ ላይ ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ። ቁጥሩ ከተገኘ የአብዛኛውን ስብስብ መመሪያ ከኩባንያው ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ማውረድ ይቻላል፤ የክፍሎቹን ዝርዝር ከነቀለማቸው ብሪክሊንክና ሪብሪከብል በተባሉት የሌጎ ሰብሳቢዎች ድረ ገጾች ላይ ታገኛላችሁ። ደብተሩ ከጠፋ ሥዕል የታተመበትን ክፍል ፈልጉ። ተራ ቀይ ጡብ በሺህ ስብስብ ውስጥ ይገኛል፤ የታተመበት ክፍል ግን በአንድ ወይም በሁለት ብቻ ሊሆን ስለሚችል ስብስቡን ያጋልጠዋል።

ለቆጠራው ከሰፌድ የተሻለ ዕቃ አላገኘሁም። ቀስ ብላችሁ ስታንገዋልሉት ጥቃቅኑ ከትልልቁ ይለያል፣ አሸዋውና ፀጉሩም ይወጣል። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ለጥየቃ መጥታ በዚህ ሥራ ላይ አገኘችኝና «ምስር ነው የምትለቅም ልጄ?» አለችኝ። ቀርባ ካየች በኋላ ግን አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከእኔ ይልቅ ፈጥና ለየችው።

የጎደለውን ዘርዝራችሁ ዋጋውን ደምሩና ከዚያ ተከራከሩ። የጎደሉት ክፍሎች ከስብስቡ ሲሶ የሚያወጡ ከሆነ እኔ ትቼው እሄዳለሁ።

ምልክት፦ ነጩ ቢጫ ሆነ

ፀሐይ ናት። ጡቡ የሚሠራበት ኤቢኤስ የተባለው ፕላስቲክ በፀሐይ ጨረር ገጽታው ይለወጣል፤ ነጭ፣ ግራጫና ሰማያዊ ላይ በግልጽ ይታያል። ሐይቁን የሚያይ መስኮት ያለው ቤት ስከራይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መደርደሪያውን ከመስኮቱ ፊት ማስቀመጤ ግን ጥፋቴ ነበር።

መጀመሪያ እጠቡት፤ አንዳንዴ ቢጫ የመሰለው የወጥ ቤት ጭስና ቅባት ነው። ለብ ያለ ውኃ ከ40 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና ወንፊት ይበቃል። የፈላ ውኃ ጡቡን ያጣምመዋል። ካልለቀቀ መድኃኒት ቤት የሚሸጠውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግልጽ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ጡቡን ዘፍዝፉበትና ፀሐይ ላይ አውሉት። ያጠፋችው ፀሐይ ራሷ ታድነዋለች። ጓንት አድርጉ፤ ዕቃውን አጥብቃችሁ አትክደኑ፤ ተለጣፊ ወይም ሥዕል ያለበትን ክፍል አትጨምሩ። በረኪና ግን አይሞከርም። ከዓመት በኋላ ቢጫው ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ መደርደሪያውን ከመስኮት አርቁ።

ምልክት፦ ቡናማው እጅ ላይ ተሰነጠቀ

ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በነበሩት ዓመታት የተሠሩ ቀይ ቡናማና ጥቁር ቀይ ጡቦች ተሰባሪነታቸው በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በእነዚህ ቀለሞች የተሠራ አሮጌ ስብስብ ገጣጥማችሁ ከሆነ መልሳችሁ አትፍቱት። መፍታት ግድ ከሆነ በደብረ ማርቆስ ብርዳም ማለዳ አትጀምሩ፤ በመዳፋችሁ አሙቁት። ሁለት ስስ ሰሌዳ ተጣብቆ ከሆነ ደግሞ ለዚሁ የተሠራ መንቀያ ከብዙ ትልልቅ ሳጥኖች ጋር ይመጣል። ጥርስ አይደለም መሣሪያው፤ የጥርስ ምልክት ዋጋ ይቀንሳል።

ምልክት፦ ዋጋው በየወሩ ይሸሻል፣ ክፍያውም አይቀበልም

የብር ካርዳችሁ ለአገር ውስጥ ክፍያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ የውጭ ድረ ገጽ ላይ ደጋግሞ መሞከር ድካም ነው፤ ባንካችሁን ጠይቁ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ይግዛላችሁ። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የ50 ዶላር ሳጥን ከ2,850 ብር ወደ 5,000 ብር የዘለለው ያኔ ነው።

«ከምርት ወጥቷል፣ ነገ እጥፍ ያወጣል» የሚላችሁን ሻጭ ግን አትቸኩሉለት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ከ5,900 በላይ ክፍል ያለው ታጅ ማሃል ምርቱ ሲቆም ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 በአዲስ ቁጥር መልሶ ሲያወጣው የአሮጌው ዋጋ ወረደ። ለትርፍ ያከማቸ አዘነ፣ መገጣጠም የፈለገ ገጣጠመ።

ዘመድ በሻንጣ ሲያመጣላችሁ ሳጥኑን ዘርግቶ ያጥፈው፤ ቦታ የሚይዘው አየሩ ነው። የታሸጉትን ከረጢቶችና ደብተሩን በልብስ መካከል ያስገባ። ተመሳሳይ ሳጥን ከሦስት በላይ አታስመጡ፤ ለንግድ የመጣ ይመስላል።

ምልክት፦ ሁለቱ ግራጫ አልተመሳሰሉም

ዓይናችሁ ትክክል ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2004 ገደማ ግራጫውን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አድርጎ ለውጦታል። አሮጌው ወደ ቡናማ ያጋድላል። በአምፖል ብርሃን አይለዩም፤ በቀን ብርሃን ደጅ አውጥታችሁ ለዩ።

እኔ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የባሕር ዳር አዲሱን የዓባይ ድልድይ እየሠራሁ ነው። 380 ሜትሩን አንድ ጉጥ ለሁለት ሜትር ብዬ ሳሰላው 190 ጉጥ፣ ማለትም 152 ሴንቲሜትር ይሆናል። ለዚህ የሚበቃ አንድ ዓይነት ግራጫ አጥቼ ነበር የተናደድኩት። አሁን አዲሱን ግራጫ ከላይ፣ አሮጌውን ከምሰሶዎቹ ሥር አደረግሁት፤ ውኃ የነካው ሲሚንቶ መሰለ። 70ኛው ጉጥ ላይ ደርሻለሁ።