የሚዛን ቤቱን ሶፍትዌር ከፒችትሪ ጋር እንዴት ማገናኘት ይቻላል?

ከአጋሮ መንገድ የመጣ አይሱዙ ጅማ መግቢያ ያለ የቡና መጋዘን ሚዛን ላይ ቆመ እንበል። ከነጭነቱ 5,920 ኪሎ፣ አራግፎ ሲወጣ 3,455 ኪሎ፤ የተጣራው 2,465። ሦስት ፕሮግራም ያለው ድርጅት ይህን አንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ይጽፈዋል፦ ሚዛን ቤት፣ መጋዘን፣ ከዚያ ሒሳብ ክፍል ፒችትሪ (የሒሳብ መያዣ ፕሮግራሙ) ላይ። አንዱ 2,456 ብሎ ከጻፈ ስህተቱ የሚታየው ወር ሲዘጋ ነው። ከዚህ በታች ያለው እነዚህን ፕሮግራሞች የማገናኘት ሥራ ቅደም ተከተል ነው። ኮዱን መጻፍ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው፤ ፕሮጀክቱን የሚያበላሹት የስም፣ የቀንና የመለኪያ ጉዳዮች ናቸው፤ ስለዚህ እነሱ ላይ ቆየት እንላለን።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን ይከተሉ

ኮምፒውተር ሳይከፍቱ አንድ የሚዛን ካርኒ ይዘው ከሚዛን ቤት እስከ ክፍያ ድረስ ይሂዱ። በየጠረጴዛው ማን ምን እንደሚጨምርበትና ምን እንደሚሰርዝ ይጻፉ። ለእያንዳንዱ መረጃ አንድ ባለቤት ይወስኑ፦ ክብደት የሚዛን ቤት ነው፣ ደረጃና እርጥበት የመጋዘን፣ ዋጋና ክፍያ የሒሳብ። ባለቤት ያልሆነ ፕሮግራም ያነባል እንጂ አይቀይርም። ይህ ካልተወሰነ ሁለት ፕሮግራሞች አንዱ የሌላውን እርማት ሲሽሩ ይውላሉ።

2. ስምን ትተው ኮድ ይያዙ

አቅራቢን በስም ለማገናኘት የሚሞክር ሰው ጅማ ላይ በሁለት ቀን ይሰለቻል። "ፀሐይ"፣ "ጸሐይ" እና "ጸሀይ" ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። ሚዛን ቤት "ካድር" ያለውን ሒሳብ ክፍል "ቃዲር" ይለዋል። በቁቤ የተመዘገበው ደግሞ አናባቢው አንድ ጊዜ ነጠላ፣ አንድ ጊዜ ድርብ ሆኖ ይገኛል። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ዝርዝር ካለማ ጭራሽ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ቁጥር አሰጣጥ) ስላልሆነ፣ ፎንቱ ሲነሳ የላቲን ምልክቶች ክምር ነው። እሱን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀይሩ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ አቅራቢ ባለ 8 አሃዝ ኮድ ይስጡ፦ 2 አሃዝ ለወረዳ፣ 5 ለተራ ቁጥር፣ የመጨረሻው 1 መፈተሻ። ለምሳሌ ማና 11፣ ጎማ 12፣ ጌራ 13 ይሁን። ከጎማ 412ኛው አቅራቢ 1200412 ይሆናል። መፈተሻ አሃዙን "ሉን" (Luhn) በሚባለው ዘዴ እናውጣ፦ ከቀኝ ጀምሮ አንዱን እያለፉ በ2 ያባዙ፤ ብዜቱ ከ9 ከበለጠ 9 ይቀንሱ፤ ሁሉንም ይደምሩ። እዚህ ድምሩ 17 ነው፤ ወደ 20 ለመድረስ 3 ይጎድላል። ኮዱ 12004123 ሆነ። ጸሐፊው አሃዝ አገላብጦ 12004213 ቢጽፍ መፈተሻው 4 መሆን ነበረበትና ፕሮግራሙ ወዲያው አይቀበለውም። በዜሮ አለመጀመሩም ሆን ተብሎ ነው፤ ምክንያቱን ኤክሴል ጋ ስንደርስ ያዩታል።

ስሙ ይቅር ማለት አይደለም፤ ለሰው ዓይን ይታያል፣ ለማገናኛ ግን አያገለግልም። የዳታቤዙ ስም ማስገቢያ በባይት የሚለካ ከሆነ ልብ ይበሉ፦ በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ 40 ባይት 13 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው። የአባት ስም መሃል ላይ የሚቆረጠው በዚህ ነው።

3. መለኪያና ቀን

ገበያው በፈረሱላ ይናገራል፣ ሚዛኑ በኪሎ። 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ያ አይሱዙ በትክክል 145 ፈረሱላ አራግፏል። ችግሩ በ17 የማይካፈለው ላይ ነው። 2,470 ኪሎ ለ17 ሲካፈል 145.294... ይመጣል። 145.29 ብለው አስቀምጠው መልሰው በ17 ቢያባዙ 2,469.93 ነው፤ 70 ግራም ጠፋ። በየመኪናው እየጠፋ ሲሄድ ማታ ሒሳቡ አይገጥምም። በማገናኛው ውስጥ ኪሎ ብቻ ይኑር፤ ፈረሱላ ስክሪንና ደረሰኝ ላይ ይውጣ። ቁጥሮቹንም በአስርዮሽ (ዴሲማል) ዓይነት ያስቀምጡ፣ ክፍልፋዩን በግምት በሚይዘው ፍሎት አይሆንም፦ ከነጥብ በኋላ ለኪሎ 3፣ ለብር 2 ቤት።

ቀን የባሰ ነው። 05/03/2017 ሚዛን ቤት ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 14፣ 2024። ወር የሚያስቀድም ፕሮግራም ግን ሜይ 3፣ 2017 ብሎ ያነበዋል። ስህተት ነው ብሎ አይጮህም፤ እንደ ትክክለኛ ቀን ይቀበለዋል። 30/02/2017 ቢሆን ይሻል ነበር፦ ጥቅምት 30 አለ፣ 30ኛ ወር ግን ስለሌለ ፕሮግራሙ እምቢ ይላል። ደንቡ አንድ ይሁን፦ ውስጥ ውስጡን በፈረንጅ ቀን፣ ዓመት-ወር-ቀን በሚል ቅደም ተከተል ይሂድ፤ ለሰው ሲታይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ይቀየር። መቀየሪያውን ጳጉሜን 6 ባለበት ዓመት ይፈትኑት፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11፣ 2023 መውጣት አለበት። ጳጉሜን ለብቻዋ ወር ትሁን ወይስ ነሐሴ ውስጥ ትግባ የሚለውን ሒሳብ ክፍሉ አስቀድሞ ይወስን።

ሰዓትንም አይርሱ። ሰርቨሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት ከተሞላ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተመዘነ መኪና የትናንት ቀን ይዞ ይገባል፤ የቡና መኪና ደግሞ ሌሊት መድረስ ይወዳል።

4. መሃል ላይ አንድ ሠንጠረዥ

ፕሮግራሞችን ጥንድ ጥንድ አድርገው አያገናኙ። 3 ሲሆኑ 3 መስመር ነው፤ 6 ሲሆኑ 15 ይሆናል። መሃል ላይ አንድ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ያስቀምጡና ሁሉም ከእሱ ጋር ይነጋገሩ። ለዚህ መጠን ውድ የማገናኛ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ፖስትግሬስ፣ ጥቂት የፓይተን ስክሪፕትና የጊዜ ማስነሻ ይበቃሉ። ስክሪፕት ጸሐፊ ከሌለ ሥራውን በሥዕል እያገናኙ የሚሠሩበትን ኖድ-ሬድ ይሞክሩ። እንደ ረቢትኤምኪውና አፓቼ ናይፋይ ያሉ የመልእክትና የመረጃ ማስተላለፊያዎች ቅርንጫፎች ሲበዙ የሚመጡ ናቸው።

ሠንጠረዡ ቢያንስ እነዚህን ይያዝ፦ መለያ ቁጥር፣ ምንጭ፣ ቀን፣ የአቅራቢ ኮድ፣ የዕቃ ኮድ (እሸት፣ ማለትም ትኩሱ ቀይ ቡና፣ እና ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀው፣ ለየብቻ)፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ ሁኔታ፣ የሙከራ ብዛት፣ የስህተት መልእክት። መለያ ቁጥሩ የማይደገም ይሁን፤ ዳታቤዙ ራሱ ድጋሚውን እንዲከለክል ያድርጉ።

ሚዛኑ ራሱ በሲሪያል ገመድ ነው የሚያወራው። ብዙውን ጊዜ በ9600 ፍጥነት፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ (ያለ ስህተት መፈተሻ ቢት) ነው፤ ማኑዋሉን ግን ይዩ። ብዙ የሚዛን ማሳያዎች ያለማቋረጥ ቁጥር ይልካሉ፤ ከቁጥሩ ፊት መርጋቱን የሚናገር ምልክት አለ። ምልክቱን ሳያይ የሚያነብ ስክሪፕት መኪናው ገና ሲወዛወዝ ያለውን ክብደት ይመዘግባል።

5. ወደ ፒችትሪ ማስገባት

የፒችትሪን የዳታ ፋይሎች በቀጥታ አይንኩ። በኦዲቢሲ (ፕሮግራሞች ዳታቤዝ በሚያነቡበት የጋራ መንገድ) ማንበብ ይቻላል፤ ማስገባቱ ግን "ፋይል" ውስጥ ባለው "ሴሌክት ኢምፖርት/ኤክስፖርት" በሲኤስቪ (አምዶቹ በኮማ በተለዩ የጽሑፍ ፋይል) ይሁን። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ምሳ ሰዓትና ማታ 11 ሰዓት ላይ፣ በቂ ነው።

ከማስገባትዎ በፊት ባክአፕ ይውሰዱ፤ የገባውን መልሶ የሚያወጣ ቁልፍ የለም። አቅራቢውና ዕቃው ቀድመው ይመዝገቡ፣ ግዢው ይከተል። የግዢ ጆርናል ሲገባ እያንዳንዱ ግዢ ስንት መስመር እንዳለው የሚናገር አምድ አለ፤ 3 መስመር ላለው ግዢ 2 ከተጻፈ ፋይሉ ከዚያ ይደናቀፋል።

ሲኤስቪውን "ልየው" ብሎ በኤክሴል ከፍቶ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ያስቁሙት። በ047 የሚጀምረው የጅማ ስልክ ዜሮውን ያጣል። 13 አሃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ ቁጥር በአጭር የሳይንስ አጻጻፍ ይታያል፤ እንደዚያው ከተቀመጠ የኋላ አሃዞቹ ዜሮ ይሆናሉ። ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ስለሆነ የፋይዳ ካርድ ባለ 16 አሃዝ ቁጥር የመጨረሻው ይበላል። ማየት የግድ ከሆነ በዳታ ማስገቢያው በኩል አምዱን "ጽሑፍ" ብለው ይክፈቱ።

6. መብራት ሲጠፋ

ካርኒው ታትሞ፣ መረጃው ሳይላክ መብራት ከጠፋ መኪናው ሄዷል፣ ሒሳብ ክፍል ግን አላየውም። መፍትሔው ካርኒውንና "ይላክ" የሚለውን ረድፍ በአንድ የዳታቤዝ ግብይት (ትራንዛክሽን) መጻፍ ነው፦ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ ሁለቱም አይጻፉም። መብራት ሲመለስ ስክሪፕቱ ያልተላኩትን ፈልጎ ይልካል። መስመር ከሌለ ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 ደቂቃ በኋላ እያለ ይሞክር፤ ስምንት ጊዜ እምቢ ካለ ለብቻው ይቀመጥና ሰው ይየው። ተቀባዩ ሰርቨር በ500ዎቹ ያለ የስህተት ቁጥር ከመለሰ ችግሩ የራሱ ነውና መላኩ ሊደገም ይችላል፤ 400 ከመጣ መረጃው ራሱ ተበላሽቷልና መደጋገም ዋጋ የለውም።

ክፍያ ላይ ጥንቃቄው ይለያል። ለባንክ ወይም ለቴሌብር ትእዛዝ ልከው ምላሹ ሳይመጣ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ብሩ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ሁኔታውን "አልታወቀም" ይበሉ፤ "አልተሳካም" ብለው እንደ አዲስ ከላኩ አንድ ገበሬ ሁለት ጊዜ ይከፈለዋል። በመጀመሪያው መለያ ቁጥር ሁኔታውን ይጠይቁ፤ አለመሄዱ ሲረጋገጥ በዚያው ቁጥር ይድገሙ። መለያ ቁጥሩ ከመላኩ በፊት ዲስክ ላይ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

7. ማስታረቅና የመጀመሪያው ቀን

በየማታው ሦስት ቁጥር ከየፕሮግራሙ ይውጣ፦ የካርኒ ብዛት፣ ጠቅላላ ኪሎ፣ ጠቅላላ ብር። የሚፈቀደው ልዩነት ዜሮ ነው። ብዛቱ ገጥሞ ኪሎው ካልገጠመ ክብደት ተሳስቷል፤ ኪሎው ገጥሞ ብሩ ካልገጠመ ዋጋው ወይ የጆንያ ተቀናሹ ነው።

የድሮውን አሠራር ሳያቆሙ ሁለት ሳምንት ጎን ለጎን ያስኪዱ። በሙከራው መሃል ገመድ ይንቀሉ፣ ሰርቨሩን ያጥፉ፣ አንዱን ፋይል ሁለቴ ያስገቡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቡናው በሚወርድበት ጊዜ ግን አይጀምሩ፤ መኪና ተሰልፎ እያለ የኮድ ስህተት የሚፈልግ ሰው ጥሩ ሥራ አይሠራም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ለሚጀምርለት ድርጅት ያ ቀን ይመቻል፦ መጋዘኑ ቀዝቅዟል፣ የመክፈቻ ቀሪ ሒሳቡም እጅ ላይ ነው።