ፎርጅድ ጊብሰን እንዳትገዙ፦ ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጊታሩን የሸጠልኝ ልጅ «ሲያትል ያለው አጎቴ ነው የላከልኝ» ብሎኝ ነበር። ጥቁር ሌስ ፖል፣ የአሜሪካው ጊታር ሠሪ የጊብሰን ሞዴል፣ ከነሳጥኑ። ብረቱ ወርቅ ይመስላል፤ ዋጋው ደግሞ ማመን የሚያቅት ቅናሽ። ደስታዬ ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ክሮቹ ፍሬቱ ላይ (አንገቱ ላይ አግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ላይ) እየተንዘረዘሩ ሲያስቸግሩኝ አንድ ጊታር ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው የጊታሩ ራስ ላይ፣ ማለትም ክሮቹ የሚጠመዘዙበት የአንገቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ሽፋን አየና ካቻቢቴውን ሳያነሳ «ስንት ገዛኸው?» አለኝ። ሽፋኗ የታሰረችው በሦስት ብሎን ነበር። የጊብሰን ሁለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ጊታር ሊገዙ ሲሄዱ እኔን ይዘው ነው። እዚያም የማየው ስህተት ያው የራሴው ነው። የማወራው ስለ ሌስ ፖል ነው። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ሞዴል ነው፤ በጣም ከሚኮረጁት ጊታሮችም አንዱ ነው። ቅጂውን የውጭ ጊታሪስቶች ከቻይና ስም ጋር አዳቅለው «ቺብሰን» ይሉታል።

«ከአሜሪካ ነው የመጣው» ሲባል ማመን

እኔን የጣለኝ ይሄ ነው። እኛ ጋ ዕቃ ከአሜሪካ መጣ ከተባለ ምርመራው እዚያው ያበቃል፤ ጫማም ይሁን ስልክ። ፎርጅድ ግን አሜሪካም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የአሜሪካ ጉምሩክ በሎስ አንጀለስና በሎንግ ቢች ወደብ ከ3,000 በላይ ፎርጅድ ጊብሰኖች መያዙን አስታውቆ ነበር። ከእስያ በመርከብ የተጫኑ ናቸው። ኦሪጅናል ቢሆኑ ኖሮ ዋጋቸው ከ18 ሚሊዮን ዶላር ያልፍ ነበር። ይሄ እንግዲህ የተያዘው ነው። ሳይያዝ ያለፈው እዚያው በሰው እጅ ይዞራል፤ የሲያትሉ አጎትም ሳያውቅ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ልጁ ዋሽቶኛል ለማለት ዛሬም አፌ አይደፍርም።

ዋጋውም መናገር ነበረበት። አዲስ ሌስ ፖል ስታንዳርድ እዚያው አሜሪካ ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። በ400 ዶላር ሒሳብ ሲቀርብላችሁ «ቸግሮት ይሆናል» እያላችሁ ለሻጩ ታሪክ አትፍጠሩለት። እኔ ፈጥሬለት ነበር።

ዓይንን ስሙ ላይ መትከል

ሁላችንም መጀመሪያ የምናየው የጊታሩ ራስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነው። ኮራጁም ይህን ስለሚያውቅ የሚጠበበው እዚያ ላይ ነው። በዚያ ላይ የጊብሰን ጽሑፍ ራሱ በየዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯል፤ ፊደሎቹ አንዴ ገጠም አንዴ ክፍት ይላሉ። ስለዚህ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ስለ አንዲት ነጥብ መከራከር ብዙም አያዋጣም። ኮራጅ የሚቆጥበው ገዢ በማያይበት ቦታ ነው። እዚያ ሂዱ።

ሽፋኗን ሳያስከፍቱ መክፈል

ያቺ ሽፋን ደወል የምትመስል ትንሽ ፕላስቲክ ናት። ከሥሯ ያለው በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው ብረት ጫፍ ነው፤ ትረስ ሮድ ይሉታል። ክሮቹ አንገቱን ሲጎትቱት እንዳይጎብጥ የሚይዘው እሱ ነው። ሽፋኗን ለመክፈት ክር ማላላት አያስፈልግም። ሁለት ብሎን፣ አንድ ትንሽ ካቻቢቴ፣ አንድ ደቂቃ።

ጊብሰን ላይ የምታገኙት ባለ ስድስት ጎን የናስ ዳዶ ነው። የሚዞረው ከላዩ በሚጠልቅ ቁልፍ ነው። ፎርጅዱ ላይ በአብዛኛው የምታገኙት ብሩጎላ የሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ ሌሎች ርካሽ ጊታሮች ላይ የሚገባው ዓይነት ብረት ማለት ነው። ያንን ለመለወጥ አንገቱን ራሱ በሌላ መንገድ መሥራት ይጠይቃል። ለማይታይ ነገር ማን ይደክማል?

ሻጩ «አይከፈት፣ ብሎኑ ይላላል» ካለ አትጨቃጨቁ። ጊታሩን ቀስ ብላችሁ ሳጥኑ ውስጥ መልሱት።

በዚያው ገልብጣችሁ ጀርባውንም እዩ። የሌስ ፖል አንገት ከአካሉ ጋር የሚያያዘው በሙጫ ነው። ጊብሰን የሚል ስም ይዞ ከኋላ በአራት ብሎን የታሰረ ሌስ ፖል ካያችሁ ነገሩ አለቀ። ቀጥሎ ራሱ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ፈትሹ። ጊብሰን አንገቱንና ራሱን ከአንድ እንጨት ነው የሚቀርጸው፤ ራሱን ለማስፋት ብቻ ግራና ቀኝ ትንሽ እንጨት ይለጠፍበታል። ርካሹ ላይ ግን ራሱ ለብቻው ተቆርጦ የተቀጠለ ነው፤ እንጨቱን አቋርጦ የሚያልፍ የመጋጠሚያ መስመር ይታያል። የእኔ ድፍን ጥቁር ቀለም ስለነበር ይሄ አልታየኝም። አሁን ሳስበው ቀለሙም የተመረጠው ለዚያ ይመስለኛል።

ቁጥሩን አይቶ መርካት

«ሲሪያል ቁጥር አለው እኮ!» ይባላል። አዎ፣ አለው። ቁጥር መቅዳት ግን ከሁሉም የሚቀል ሥራ ነው። አንዱን እውነተኛ ቁጥር ብዙ ፎርጅዶች ላይ ደጋግመው ያትሙታል።

ቢሆንም ቁጥሩን ማንበብ ማወቅ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ጊብሰን ስምንት አሃዝ ሲጠቀም ነበር። የመጀመሪያውና አምስተኛው አሃዝ ዓመቱን ይሰጣሉ፤ በመካከል ያሉት ሦስቱ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። ለምሳሌ 92046412 ቢል ዓመቱ 96 ነው፣ ቀኑ 204ኛው ነው። ጁላይ 22 ቀን 1996 ማለት ነው፤ በእኛ ሐምሌ 15 ቀን 1988። አንድ ጓደኛዬ ሊገዛው የነበረው ጊታር ግን ቀኑ 487 ይል ነበር። ጳጉሜን ቢጨምሩበትም አይሞላም።

በኋላ ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ሆኗል፤ አሠራሩ የተለወጠባቸው ዓመታትም አሉ። ውድ የሆኑት የልዩ ክፍሉ ጊታሮች ደግሞ የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ሐሰትን ያጋልጥ ይሆናል እንጂ እውነትን አያረጋግጥም።

በአንድ ምልክት መፍረድ

ይሄ ደግሞ ትንሽ ካወቅን በኋላ የምንሠራው ስህተት ነው። እኔም ከተሸወድኩ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ፎርጅድ ማለት ጀምሬ ነበር። የአንድ ሰው ደህና ጊታር በአደባባይ አዋርጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ከኋላ ያለው ክዳን ሲከፈት በአብዛኛው ጊብሰን ላይ ትልልቅ የድምፅ መቆጣጠሪያዎች ይታያሉ፤ ፎርጅዱ ላይ ጥፍር የሚያካክሉ ትንንሾች። እኔ ስከፍተው ያገኘሁት በሽቦ ፋንታ አረንጓዴ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነበር። «የቻይና ሬዲዮ ነው!» አልኩ። ጊብሰን ግን እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ራሱ እንዲህ ያለ ሰሌዳ በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ መግጠም ጀምሮ ነበር። ባለቤቱ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም።

የፍሬቶቹም ነገር እንደዚያው ነው። አንገቱን ጠርዝ ለጠርዝ የሚከበው ነጭ ፕላስቲክ ጊብሰን ላይ በተለምዶ የፍሬቱን ጫፍ ይሸፍነዋል፤ ፎርጅዱ ላይ ፍሬቱ ከፕላስቲኩ በላይ ያልፋል። ግን ፍሬቱ በጠጋኝ ተቀይሮ ከሆነ ያ ሽፋን ሊጠፋ ይችላል። ብሪጁም፣ ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት፣ እንዲሁ። የጊብሰን ብሪጅ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በጣት የሚዞር ቀለበት ባላቸው ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ነው፤ ፎርጅዱ ላይ ካቻቢቴ የሚገባባቸው ወፋፍራም ብሎኖች ናቸው። ብሪጅ ግን የሚቀየር ዕቃ ነው።

ሦስት አራት ምልክት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ያኔ ተናገሩ።

ኤፒፎንን ፎርጅድ ማለት

ኤፒፎን የሚባለው ጊታር ሠሪ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የጊብሰን ንብረት ነው። ቻይና የተሠራ ኤፒፎን ሌስ ፖል ሕጋዊ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ደህናም ይጫወታል። ስኳየርም ለሌላው ጊታር ሠሪ ለፌንደር እንደዚያው ነው። በፎርጅድ ጊብሰን ላይ ባወጣሁት ብር ንጹሕ ኤፒፎን ይገኝ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ስለ ፌንደር ካነሳን አይቀር፣ እዚያ ችግሩ ሌላ ነው። አንገቱ በብሎን ስለሚፈታ ኦሪጅናል አንገት ከማይታወቅ አካል ጋር ተገጥሞ ይሸጣል። የራሱ ላይ ስምም ብዙ ጊዜ ስቲከር ስለሆነ ለብቻው ይገዛል። አንገቱ ይፈታ በሉ።

በድምፁ መዳኘት

አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ተሰክቶ፣ ድምፁን የሚያሻክረው ዲስቶርሽን በርቶ፣ ሻጩ የሚያውቃትን አንዲት ሶሎ ሲጫወትላችሁ ሁሉም ጊታር ያምራል። ፎርጅድ ሁሉ መጥፎ ድምፅ አለው ማለትም አይደለም። የእኔው ደህና ነበር። አምፑ ሳይበራ እያንዳንዱን ፍሬት ራሳችሁ ንኩት፤ ቃኝታችሁ ሩብ ሰዓት ቆዩና ቅኝቱ መያዙን እዩ። ይሄ ጥሩ ጊታር መሆኑን ይነግራችኋል። ጊብሰን መሆኑን ግን አይነግራችሁም።

ተሸውዶ መሸወድ

ጠጋኙ ጋ እያለሁ አንድ ልጅ ገብቶ ጊታሩን አየና ልግዛህ አለኝ። በገዛሁበት ዋጋ። ምራቄን ዋጥኩ፤ አልዋሽም። ቤት ወስጄ ስሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጠፋሁትና ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። ዛሬም ትማርበታለች። ከሽፋኗ ብሎኖች አንዱን ጥላዋለች፤ አሁን እንደ ኦሪጅናሉ ሁለት ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው ቀዳዳ ግን ቦታው ላይ ነው።